ባንኮኒ ፊት ዙፋን የለም

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን አባባል የማያውቅ ነጋዴ አይገኝም። አዲስ አበባ ላይ በየሱቁ ግድግዳ ተለጥፎ ይታያል፤ ድሬዳዋም እንደዚያው፤ ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ ፈረንሳይኛውም ይታከልበታል። በዚያው በጅቡቲ ካርቲየ 7 ቢስ በተባለ ሰፈር ሱቅ የከፈተ የአገራችን ሰው አንዲት ልጅ ሲቀጥር ከዕቃው ዋጋ አስቀድሞ የሚነግራት ይህንኑ ነው። ስትሰደብ ዝም እንድትል፣ ሲጮኽባት ፈገግ እንድትል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጣራ «ይቅርታ» እንድትል ይመክራታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የእሷ ዕዳ ነው። ደንበኛው ከተቆጣ አያያዝ አታውቅም ትባላለች፤ ካልተመለሰ ፊቷ አይፈታም ትባላለች፤ ሒሳብ ከጎደለ ከደመወዟ ይቆረጣል።

እኔ ይህን አባባል አልቀበልም። አስቸጋሪ ደንበኛ በትዕግሥትና በፈገግታ የሚበርድ የአመል ጉዳይ ነው የሚለውንም አስተሳሰብ አብሬ አልቀበልም። ብዙውን አስቸጋሪ ደንበኛ የሚፈጥረው ባለሱቁ ራሱ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ አንዷ ባንኮኒው ኋላ የቆመችው ልጅ ናት፣ ሌላው ተራውን ጠብቆ፣ የተባለውን ከፍሎ፣ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር የሚሄደው ገዢ ነው።

ከንጉሡ ልጀምር። የእኛ ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሏል። እንግዲህ ደንበኛን ንጉሥ ያለ ሰው፣ ይወቀውም አይወቀው፣ ያወጀው ይህንን ነው። የሰኞውን ባጌት ዳቦ ረቡዕ ደርቆበት ይዞ ቢመጣ አይከሰስም። የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ ከፍቶ ግማሹን ተጠቅሞ ቢመልስ አይከሰስም። ልጅቷን በእናቷ ቢሰድብ አይከሰስም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እውነተኛውን ንጉሠ ነገሥት በቮልስዋገን አሳፍረው ከቤተ መንግሥት ሲያስወጡ ያየ ሕዝብ፣ በስኳር ጆንያና በዘይት ጀሪካን መካከል ሌላ ማንገሡ ለእኔ ቀልድ ነው።

አባባሉ የራሱ ታሪክ አለው። አሪስቲድ ቡሲኮ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1852 ፓሪስ ውስጥ ቦን ማርሼ በተባለው መደብር ሽርክና ገባ። ቤቱን ካስጠሩት ነገሮች ዋነኛው ዋጋን ዕቃው ላይ ጽፎ መለጠፉ ነበር። ገዢው ከፈለገ ይገዛል፤ ካልፈለገ ተዘዋውሮ አይቶ ይወጣል፤ ወስዶ ያልወደደውን ዕቃ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የመጡት የሆቴሉ ሰው ሴዛር ሪትዝ፣ የቺካጎው ማርሻል ፊልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ ስመ ጥሩውን መደብር የከፈተው ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ «ደንበኛ አይሳሳትም» ከሚለው አባባል ጋር ስማቸው አብሮ ይነሣል። እነዚህ ሰዎች ደንበኛውን ያከበሩት ዋጋው በተለጠፈበት፣ የመመለሻው ደንብ በታወቀበት፣ ሻጯ ዋጋ የመቀነስም የመጨመርም ጣጣ በሌለባት፣ ቅሬታ የሚሰማ አለቃ ወለሉ ላይ በሚዘዋወርበት ቤት ውስጥ ነው። ደንበኛው ነገሠ ቢባል እንኳ የነገሠው በተጻፈ ሕግ ሥር ነበር። እኛ ንጉሡን ብቻ አስመጣን፤ ሕጉን ወደቡ ላይ ተውነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። 7 ቢስ ቁጥር ከተሰጣቸው ከጅቡቲ ከተማ አሮጌ ሰፈሮች አንዱ ነው። የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶች አሉ፤ በመሐላቸው ብቅ ብቅ ያሉ የብሎኬት ቤቶች አሉ፤ በየማዕዘኑ አንድ ጠባብ ሱቅ አይታጣም። ሱቁ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የዱቄት ወተት፣ ጠዋት ጠዋት ባጌት፣ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ይሸጣል። ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በርበሬና ሽሮ፣ ቀን ከቀና እንጀራም ይጨመርበታል። ዕቃው ላይ ግን ዋጋ የለም። ዋጋው ልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ ደግሞ ባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ። ጠብ የሚወለደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

አንድ ሰው ይመጣና የዘይት ዋጋ ይጠይቃል። ልጅቷ የተነገራትን ትናገራለች። «መጨረሻውን ንገሪኝ» ይላታል። መጨረሻው ይኸው ነው ትለዋለች። ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሌቦች ናችሁ ይላል፤ «ባለቤቱን ጥሪልኝ» ይላል። ባለቤቱ ከጓዳ ይወጣና ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልጅቷን በሰው ፊት ገሥጾ 50 ፍራንክ ይቀንስለታል። ሰውየው ዘይቱን ይዞ ይሄዳል። ባለቤቱም ደንበኛ አዳንኩ ብሎ ወደ ጓዳው ይመለሳል።

ያዳነው ነገር የለም። በዚያች ደቂቃ ሱቁ ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ የልጅቷ ቃል ዋጋ እንደሌለው፣ የተጠራው ዋጋም እውነተኛ ዋጋ እንዳልሆነ፣ ቅናሹ የሚገኘው በመጮህ እንደሆነ ተምሮ ወጥቷል። ሰውየው በማግስቱ ሲመለስ ከሰላምታ በፊት ነው የሚጮኸው። አጠገቡ ቆመው ካዩት መካከልም አንዱ ወይም ሁለቱ ይሞክሩታል። ለምን አይሞክሩት? ያዋጣላ። ወር ሳይሞላ ባለቤቱ «የዚህ ሰፈር ሰው አስቸጋሪ ነው» እያለ ማማረር ይጀምራል። ያሠለጠናቸው እሱ ነው፤ የሥልጠናውንም ወጪ ከኪሱ ከፍሏል።

ከሰውየው በፊት ያንኑ ዘይት የገዛች ሴት ነበረች እንበል። ዋጋውን ጠየቀች፣ ተነገራት፣ ከፈለች፣ ሄደች። እሷ 50 ፍራንክ ተቀጥታለች፤ ጥፋቷ ጨዋነቷ ነው። ይህችን ሴት ባለቤቱ አያውቃትም፤ ጮኻ ስለማታውቅ ስሟም ፊቷም አልተመዘገበም። አንድ ቀን ጎረቤቷ በስንት እንደገዛች ትነግራታለች። ያን ጊዜ አትመጣም፣ አትሳደብም፣ ባለቤቱን ጥሪልኝ አትልም፤ ማዶ ካለው ሱቅ መግዛት ትጀምራለች። ነጋዴው የሚፈራው ጩኸታሙ እንዳይሄድበት ነው። ጩኸታሙ ግን አይሄድም፤ የት ሄዶ እንዲህ ይከበራል? የሚሄደው ዝምተኛው ነው።

«ክርክር ባህላችን ነው» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። መርካቶ ወይም የድሬዳዋው ቀፊራ ገብቶ ሳይከራከር የሚወጣ ሰው ያሳዝነኛል። ነገር ግን እዚያ የሚከራከሩት ሁለት ባለመብቶች ናቸው። ሽንኩርቱ የሴትዮዋ ነው፤ ልትቀንስም፣ ልትመርቅም፣ «ሂድ ወዲያ» ልትልም ትችላለች። ክርክሩ ሳቅ አለው፣ ወግ አለው፣ «ስለ ልጆችሽ» አለው፣ «መርቂልኝ» አለው፤ ሲያልቅ ሁለቱም ያተረፉ መስሏቸው ይለያያሉ። የ7 ቢሷ ተቀጣሪ ግን የምትሰጠውም የምትከለክለውም ነገር የላትም። አሥር ፍራንክ ብትቀንስ ከራሷ ነው። ከእሷ ጋር መከራከር በር ከተቆለፈበት ቤት ፊት ቆሞ ግድግዳውን መደብደብ ነው፤ ቁልፉ ያለው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ባህል ባህል የምንለው ነገር ሁለቱም ወገን ቁልፍ ሲኖረው ነው።

ዋጋ ይለጠፍ ሲባል ነጋዴው ሰበብ ይደረድራል። ዋጋ ይለዋወጣል፣ ዛሬ ለጥፌ ነገ ልቀድ ነው ወይ ይላል። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ቢለኝ በከፊል እረዳዋለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሲወጣ አይቷልና። የጅቡቲ ፍራንክ ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ የተቸነከረ ነው። ግማሽ ምዕት ዓመት ገንዘቡ ፈቅ ባላለበት አገር የሩዝ ኪሎ ዋጋ በካርቶን ቁራጭ ላይ መጻፍ አልችልም ማለት አያሳምንም። ደግሞስ የሩዙ ዋጋ ተለወጠ እንበል፤ ካርቶኑን መቀየር ከጠብ ይቀላል።

የብሩ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የእኛዎቹን የከባድ መኪና ሾፌሮች ላንሣ። የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ ከተማዋ ያለ እነሱ አትታሰብም። ሾፌሩ ሱቅ ገብቶ የአንድ ጠርሙስ ውኃ ዋጋ ይሰማና በጭንቅላቱ ወደ ብር ይመልሰዋል። የሰማውም ቁጥር ያስደነግጠዋል፤ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ይቆጣል። ቁጣው እውነተኛ ነው፣ እኔም ብሆን እቆጣለሁ። የምንዛሪ ተመን ያወጣችው ግን ልጅቷ አይደለችም። እዚህ ላይ «በፈገግታ አስተናግጂው» ማለት የብሔራዊ ባንክን ሥራ ለእሷ መስጠት ነው። ዋጋው ግድግዳው ላይ ተጽፎ ቢያየው ኖሮ ቢያንስ የሚናደደው በግድግዳው ላይ ነበር።

ሌላም ከሱቁ ውጭ የሚመጣ ቁጣ አለ። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚገባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ሰዓት በከተማው ሁሉ ሐራራ የሚበረታባት ሰዓት ናት። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ፣ በዚያ ላይ መብራት ሄዶ ፍሪጁ ሲያቆም፣ «ይህ ነው ቀዝቃዛ ውኃ?» የሚለው ሰው ሰይጣን አይደለም፤ የደከመና የጠማው ሰው ነው። ባለሱቁ ይህን ሰዓት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ብዙዎቹ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ልጅቷን ብቻዋን ጥለው የራሳቸውን ጫት ሊያመጡ ይሄዳሉ። ከዚያ ተመልሰው ስለ መስተንግዶ ያስተምራሉ። በየቀኑ በታወቀ ሰዓት የሚመጣ ችግር የአመል ችግር አይባልም፤ የሰው ኃይል ድልድል ጉድለት ነው። ያቺን አንድ ሰዓት ሁለት ሰው ባንኮኒ ላይ ማቆም ወይም ራስ መቆም ይበቃል።

ዱቤውስ? እውነተኛው የ7 ቢስ ታሪክ ያለው የዱቤ ደብተሩ ውስጥ ነው። የሰፈር ሱቅ ያለ ዱቤ አይኖርም፤ ደመወዝ እስኪወጣ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ ደብተር ነው። አዲስ አበባ ላይ «ዱቤ ዱብ ያደርጋል» ብሎ የሚለጥፍ ነጋዴ እንኳ ከመለጠፊያው ሥር ደብተር አለው። እኔ በዱቤ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም ሰፈርን ሰፈር የሚያሰኘው አንዱ እሱ ነው። ግን አንድ ነገር አስቡ፦ ዕዳ ያለበት ሰው እንዴት ንጉሥ ይሆናል? ባለሱቁ አበድሮታል፣ አምኖታል፣ ልጆቹ እንዳይራቡ ከትርፉ ቆርሶ ጠብቆታል። በዚህ ዝምድና ውስጥ ጌታና ሎሌ የለም፤ ሁለት የሚተማመኑ ጎረቤቶች ናቸው ያሉት። ወይም መሆን ነበረባቸው።

በተግባር የሚታየው ሌላ ነው። ደብተሩ ላይ ገደብ ስለሌለ ዕዳው ይከመራል። ዕዳው ሲከመር ሰውየው ማፈር ይጀምራል፤ እፍረቱን የሚሸፍነው ደግሞ በቁጣ ነው። ቲማቲሙ ለምን ለሰለሰ፣ ሚዛኑ ያጭበረብራል፣ ትናንት የጻፍሽው ትክክል አይደለም። ብዙ የሚጮኸው ብዙ ዕዳ ያለበት መሆኑን ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጩኸቱ «መቼ ትከፍላለህ?» የሚለውን ጥያቄ ከአፏ ላይ ይነጥቃል። ልጅቷም ትፈራና ትጽፋለች። በወሩ መጨረሻ ባለቤቱ ደብተሩን ገልጦ «ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ለምን ሰጠሽ?» ይላታል። አልሰጥም ብትል ደንበኛ አባረርሽ ትባል ነበር፤ ብትሰጥ ገንዘቤን በተንሽ ትባላለች። ገደቡን እሱ ቢወስን፣ ለእያንዳንዱ ቤት እስከ ስንት እንደሆነ ደብተሩ አናት ላይ በእጁ ቢጽፍና ቢፈርምበት፣ ጠቡ ቀድሞ በሞተ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቆጨኝ የአገር ልጅነት ነገር ነው። ለዚች ልጅ አስቸጋሪው ደንበኛ አፋሩ ወይም ሶማሌው ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ባንኮኒ ኋላ አንድ ከሰዓት ቆማችሁ እዩ። በሶማልኛ «ዋላል»፣ እህቴ፣ ብሎ ጠርቷት፣ ባጌቱን ወስዶ፣ ከፍሎ የሚሄደው ብዙ ነው። አስቸጋሪው ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። «የአገሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ብሎ ይጀምራል። የአገሯ ልጅ ስለሆነች ልትቀንስለት ይገባል፤ የአገሯ ልጅ ስለሆነች ተራ ሳይጠብቅ ልትሰጠው ይገባል፤ የአገሯ ልጅ ስለሆነች ስልኳን ልትሰጠው ይገባል። እምቢ ስትል ደግሞ «አንቺ እዚህ መጥተሽ ሰው ሆንሽ?» ይላታል። ባዕዱ የሚሰድባት በማያውቃት ነገር ነው፤ የእኛው ሰው በሚያውቃት ነገር፣ በሰፈሯ፣ በዘሯ፣ በቤተሰቧ ድህነት ይሰድባታል። በየማኅበሩ ስለ አንድነት የሚናገር ሰው መጀመሪያ እዚያ ባንኮኒ ፊት አንድነቱን ያሳይ። አጎቷ የሚያህል ሰው «እህቴ» ብሎ ጠርቷት ሙሉ ዋጋ ቢከፍል ትልቅ የአገር ፍቅር ነው።

ይህች ልጅ ከሌላ ቦታ ሻጭ የምትለይበትም ነገር አለ። እንደ እሷ ካሉት ብዙዎቹ በእግርም በመኪናም አፋርን ወይም የሶማሌን ምድር አቋርጠው የመጡ፣ የመኖሪያ ሰነድ ያልተሟላላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጅቡቲ መንግሥት ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች በቀነ ገደብ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ሲያዝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጥተዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያን ዘመን ያላየችው ልጅ እንኳ ወሬውን ታውቀዋለች። ስለዚህ የተቆጣ ደንበኛ «ፖሊስ እጠራለሁ» ሲል የሚያስፈራራት በመልስ ጉድለት አይደለም፤ በኑሮዋ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ንጉሥ ነህ ብሎ ሥልጣን መጨመር ምን ይባላል? ሥልጣኑ እኮ በእጁ ነው። ያጣው ገደብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ክርክር ሊቀርብብኝ ይችላል፤ ብዙ የማከብረው እሱን ነው። «አንተ የደርግን ዘመን የቀበሌ ሱቅ አታውቅም ወይ?» የሚል። ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በወረፋ፣ ሻጩ ፊቱን አዙሮ «የለም» የሚልበት ዘመን ነበር፤ ያን ጊዜ የነገሠው ሻጩ ነበር። ዛሬም ቢሆን ገዢውን በዓይኗ የምታባርር ሻጭ፣ መልሱን ወርውሮ የሚሰጥ ገንዘብ ተቀባይ ሞልቷል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የተባለው ለዚህ መድኃኒት ተብሎ ነው። ክርክሩ እውነት አለው። ሆኖም አንዱን ንጉሥ በሌላ መተካት መድኃኒት አይሆንም። የቀበሌው ሱቅ ሻጭ የባለገው ገዢው መሄጃ ስላልነበረው ነው። ዛሬ ደግሞ መሄጃ የሌላት ሻጯ ናት። የባለጌነት ሥሩ ሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ የማይከሰስ ሰው ይባልጋል።

ሕጋችንም ቢሆን በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መልካም ነው፤ አንድ ፊደል ይቀነስ አልልም። ከስድብ የሚጠበቅ ገዢ ካለ ግን ከስድብ የምትጠበቅ ሻጭም ልትኖር ይገባል። ያው አዋጅ ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያስቀምጥ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችልም ይናገራል። የጅቡቲን ሱቅ ይህ አዋጅ አይገዛውም። ከአገር ቤት የመጣው ነጋዴ ግን ያውቀዋል። ከአዋጁ ይዞት የመጣው የትኛውን ነው? አንዱንም አይደለም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ይዞ ነው የመጣው። ያንንም ጮክ ብሎ ለሚናገር ሰው ያጥፈዋል። ጨዋው የተበላሸ ወተት ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን ያሳየዋል፤ ጩኸታሙ ደህናውን ሲመልስ ገንዘቡን ይሰጠዋል።

ዓለም ይህን ጉዳይ ማሰብ ከጀመረ ቆይቷል። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ፣ በደመወዝ የሚሸጥ ፈገግታ ራሱን የቻለ ድካም ያለው ሥራ መሆኑን አሳየች። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ደንበኛ ከንጉሥም አልፎ አምላክ ነው ይባል ነበር። አባባሉን ያስፋፋው ሚናሚ ሃሩኦ የተባለ ዘፋኝ ነው፤ እሱ ግን የተናገረው መድረክ ላይ ስለሚቆም አርቲስት ልብ እንጂ ስለ ሱቅ ገዢ አልነበረም። የሆነው ሆኖ አባባሉ ሱቅ ገባ፤ ሻጮች መሬት ላይ ተንበርክከው ይቅርታ እንዲጠይቁ የሚያስገድዱ ደንበኞች እስኪመጡ ድረስ። በመጨረሻ የቶኪዮ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደንበኛ በሠራተኛ ላይ የሚፈጽመውን ማዋከብ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ደቡብ ኮሪያ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ አሠሪው ደንበኛ የሚያስተናግዱ ሠራተኞቹን ከእንዲህ ያለ ጥቃት እንዲጠብቅ በሕግ አስገድዳለች። ደንበኛን አምላክ ያለ አገር ከአባባሉ ሲመለስ እኛ ገና ዘውድ እንጭንለታለን።

እነዚህ አገሮች ሀብታም ናቸው፣ እኛ በኪሎ ሩዝ ሃያና ሠላሳ ፍራንክ የምናተርፍ ሰዎች ነን የሚል ነጋዴ ይኖራል። ትክክል ነው። ስለዚህ ነው 50 ፍራንክ ለጩኸታም መስጠት የማያዋጣው። የሁለት ኪሎ ትርፍ አንድ ሰው ስለጮኸ ሄደ ማለት ነው። ልጅቷ በሦስተኛው ወር ሰልችቷት ስትሄድ ደግሞ አዲሷ ዋጋውን እስክታጠና፣ የሰፈሩን ሰው እስክትለይ፣ የትኛው ቤት ስንት ዕዳ እንዳለበት እስክታውቅ የሚጠፋውን ነጋዴው አይቆጥረውም። ደብተር ላይ ስለማይጻፍ ነው እንጂ ትልቁ ኪሳራው ያ ነው። ከዓመት በላይ አንድ ቦታ የቆየች ሻጭ ያለችበት ሱቅ ከውጭ ይታወቃል። ሰው ሲገባ በስሙ ትጠራዋለች፣ ልጁ ምን ዓይነት ወተት እንደሚጠጣ ታውቃለች። ለደንበኛው የሚሰጠው ትልቁ አክብሮት ይህ ነው፤ ይህም የሚገኘው እሷ ስትከበር ነው።

እንግዲህ ባለሱቅ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ነገር ገንዘብ አያስወጣችሁም። ዋጋችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ፣ በአማርኛም በፈረንሳይኛም በቁጥርም። ልጅቷ የተናገረችውን ዋጋ እናንተ ወጥታችሁ አትሻሩ፤ መቀነስ ከፈለጋችሁ ለሁሉም ቀንሱና ካርቶኑን ቀይሩ። የሚሳደብን ሰው «ዛሬ አንሸጥልህም፣ ነገ በሰላም ና» የማለት መብት ስጧት፤ ስትለውም አጠገቧ ቁሙ። ሰውየው ይቆጣል፣ ይምላል፣ ሁለተኛ አልረግጥም ይላል። ከሁለት ቀን በኋላ ባጌት ሊገዛ ይመጣል፤ ሰፈሩ ጠባብ ነው።

ገዢ የሆንን ሁሉ ደግሞ ድርሻ አለን። ተራችሁን ስትጠብቁ ከፊታችሁ ያለው ሰው ልጅቷን ሲሰድብ ዓይናችሁን ስልካችሁ ላይ አትትከሉ። «ተው ወንድሜ» የሚል አንድ ድምፅ ከወረፋው ሲመጣ ከባለቤቱ ድምፅ ይበልጥ ይሰማል፤ እኔ ብዙ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ።

የቀረው የደመወዙ ጉዳይ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ አሠሪ እንደ ልቡ ከደመወዝ አይቆርጥም፤ በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ካልሆነ። የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ጩኸታም ደንበኛ አስገድዶ የወሰደውን ዱቤ፣ በሙቀቱ የተበላሸውን ወተት፣ በግርግር የተሳሳተውን መልስ ከአንዲት ልጅ ደመወዝ ማውጣት በማንም አገር ንግድ አይባልም። በዚህ ወር የቆረጣችሁባት ካለ መልሱላት።